አውቶሞቢልን አሳንሶ ስለ መሥራት

(በተማሪዎች ማኅበር የቅዳሜ ስብሰባ ላይ በአንድ የአምስተኛ ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን ጸሐፊ «በትርፍ ጊዜህ ስለምትሠራው ነገር ተናገር» ብሎ ባዘዘኝ ጊዜ «ሰው ቢስቅብኝስ?» አልሁት። እርሱም «ግድ የለም፤ መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ቀጥለው ያዳምጣሉ» ሲል መለሰልኝ። ስለዚህ መሳቅ የሚፈልግ ሁሉ አሁን ይሳቅ። እኔ ላለፉት ዐሥራ አምስት ዓመታት አውቶሞቢል ስሠራና ሳድስ ኖሬአለሁ። አውቶሞቢሎቼም ሁሉ ባንድ መደርደሪያ ላይ ያድራሉ፤ ከመካከላቸው ረጅሙ ከአንድ ስንዝር እምብዛም አይበልጥም።

ድሬዳዋ ውስጥ ያደገ ሰው ይህ ሥራ ከየት እንደሚጀምር ያውቀዋል። በከዚራም ሆነ በመጋላ፣ በሳቢያንም ሆነ በገንደ ቆሬ፣ የሽቦ መኪና ሳይነዳ ያደገ ልጅ ጥቂት ነው። ከአጥር የተረፈ ሽቦ ይታጠፋል፤ ከየሻይ ቤቱ ደጃፍ ቆርኪ ይለቀማል፤ የቆርኪው መካከል በምስማር ይበሳል፤ ከዚያም አንድ ረጅም ሽቦ እስከ ልጁ ደረት ይወጣና ጫፉ ላይ ክብ መሪ ይደረግለታል። ልጁም የሞተሩን ድምፅ በአፉ እያሰማ ይሮጣል። ማርሽ የሚለውጠው በጕሮሮው ነው።

ታዲያ ይህ የሽቦ መኪናና እኔ ሞዴል የምለው ነገር የሚለያዩት በማማር አይደለም። ከሞዴል የበለጠ የሚያምር የሽቦ መኪና ብዙ አይቻለሁ። የሚለያዩት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ልክ ነው። የሽቦ መኪና አውቶሞቢልን ይመስላል፤ ሞዴል ግን ለአንድ ቍጥር ይታዘዛል። የትልቁ አውቶሞቢል በር ሃያ ጊዜ ካነሰ መብራቱም፣ መስኮቱም፣ የበሩ እጀታም ሃያ ጊዜ ማነስ አለበት። አንዱን ዐሥራ ስምንት ጊዜ፣ ሌላውን ሃያ አምስት ጊዜ ያሳነሰ ሰው ደስ የሚል ነገር ሠርቶ ይሆናል እንጂ ያንን አውቶሞቢል አልሠራውም።

በዓለም ላይ የታወቁት ልኮች ጥቂቶች ናቸው። ሰብሳቢዎች አብዝተው የሚይዙት 1/43 ነው፤ ከፕላስቲክ ብልቶች ለሚገጣጠሙት 1/24 እና 1/25 የተለመዱ ናቸው፤ ለትልልቆቹ ደግሞ 1/18 አለ። አንድ ሰው «ለምን አርባ ሦስት? አርባ ወይም ሃምሳ ለምን አልሆነም?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ለእኛ ለድሬዳዋ ሰዎች ደስ የሚያሰኝ ነው። የወሰነው ባቡር ነው። በእንግሊዝ አገር የባቡር ሞዴል ሠሪዎች የትልቁን ባቡር አንድ ጫማ በ7 ሚሊሜትር ይተኩ ነበር። አንድ ጫማ 304.8 ሚሊሜትር ስለ ሆነ ለሰባት ሲካፈል አርባ ሦስት ተኩል ያህል ይመጣል። የሊቨርፑሉ ሜካኖ ኩባንያ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1933 መጨረሻ ሆርንቢ ለተባሉት ባቡሮቹ ማጀቢያ እንዲሆኑ ትንንሽ አውቶሞቢሎችን አወጣ፤ በ1934 ዲንኪ ቶይስ የሚል ስም ተሰጣቸው። በኋላ ልጆች ባቡሩን ትተው አውቶሞቢሎቹን ብቻ መግዛት ጀመሩ፤ የባቡሩ ልክ ግን ከአውቶሞቢሎቹ ጋር ቀረ።

የከተማችንም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር እዚህ ደረሰ፤ ከተማዋም በሐዲዱ ምክንያት ተቈረቈረች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ከዚያ በኋላ፣ በ1909 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ መጀመሪያ ሐዲድ መጣ፤ ቀጥሎ ጣቢያ፣ ቀጥሎ ጋራዥ፣ ቀጥሎ ታክሲ። ስለዚህ የአውቶሞቢሉን ልክ ባቡር ወሰነው ቢባል ለድሬዳዋ ልጅ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

የእኔ ልክ ግን 1/43 አይደለም፤ 1/20 ነው። ይህንንም የወሰነልኝ ቆርኪ ነው። ምክንያቱን በአጭሩ ላስረዳ። ከአውቶሞቢል ብልቶች ሁሉ በእጅ ለመሥራት የሚያስቸግረው ጎማ ነው። አንድ ጥሩ ክብ መሥራት ከባድ ነው፤ አራት እኩል የሆኑ ክቦች መሥራት ደግሞ የባሰ ነው። ቆርኪ ግን የፋብሪካ ሥራ ስለ ሆነ አንዱ ከሌላው አይለይም። ከጠርሙስ የወረደ ቆርኪ ወርዱ 3 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ ከብስክሌት ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ የተቈረጠ ቀጭን ቀለበት ሲጠመጠምበት ከ3 ሳንቲሜትር ጥቂት ያልፋል። የፔጆ 404 ጎማ ከዳር እስከ ዳር 65 ሳንቲሜትር ያህል ነው። 65ን ለ20 ብናካፍለው 3.25 እናገኛለን። እንግዲህ ጎማው ቆርኪ ከሆነ አውቶሞቢሉ 1/20 መሆን ግዴታው ነው። በዚህም ልክ ርዝመቱ 4 ሜትር ከ44 ሳንቲሜትር የሆነው ፔጆ 22.2 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው 2 ሜትር ከ65 ደግሞ 13.25 ሳንቲሜትር ይሆናል። ሒሳቡም ለተማሪ ማስመሪያ የተመቸ ነው፤ በማስመሪያው ላይ ያለ አንድ ሚሊሜትር በመንገድ ላይ ያለ ሁለት ሳንቲሜትር ነው። ባጃጅ መሥራት ለሚፈልግ ሰውማ አንድ ቆርኪ ይተርፈዋል።

ዕቃው ሁሉ ከዚሁ ከከተማችን ይገኛል። ለአካሉ የዘይት ወይም የዱቄት ወተት ጣሳ ይሆናል። ጣሳው በመቀስ ይቈረጣል፤ እጅ እንዳይቈርጥ ጠርዙ በሞረድ ይስተካከላል፤ ኮፋኖው፣ ጣሪያውና የኋላ ሣጥኑ ከእንጨት በተቀረጸ መልክ ላይ በትንሽ መዶሻ ቀስ እየተባለ ይቀጠቀጣል፤ ብልቶቹም በስታኞ ይያያዛሉ። በመጋጠሚያው ላይ የቀረውን ክፍተት ስቱኮ ይሞላዋል፤ ስቱኮውም ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል። ለመስተዋቱ ከሁሉ የሚሻለው አሮጌ የራጅ ፊልም ነው። በበረኪና ውስጥ ሲዘፈዘፍ ጥቍሩ ይለቅና ጥርት ያለ፣ ጥቂት ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ገጽ ይቀራል፤ ይህን ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማድረግ አይገባም። ለኋላ መብራት ቀይ የጥፍር ቀለም ይበቃል። ቀለሙን ያለ ክፍያ ለሰጡኝ እኅቶች በዚህ አጋጣሚ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

«የቸኰለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረት ለቀለም ቀቢ የተነገረ ይመስለኛል። የመጀመሪያው ቀለም ሳይደርቅ ሁለተኛውን የደረበ ሰው ቀለሙ ይሸበሸብበታል፤ ሁሉንም ፍቆ እንደገና ከመጀመር በቀር ሌላ መንገድ የለውም። በእኛ ከተማ ሙቀት ቀለም ቶሎ ይደርቃል፤ ነገር ግን ነፋሱ አቧራ ይዞ በተነሣ ጊዜ አቧራው ከቀለሙ ጋር አብሮ ይደርቃል። ስለዚህ ቀለም የምቀባው ማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሣ ነው።

እስከ አሁን የተናገርሁት ስለ መሥራት ነው። ስለ ማደስም ጥቂት ልበል፤ ከባዱ ጥያቄ ያለው እዚህ ነውና። አልፎ አልፎ በአሮጌ ዕቃ ክምር ውስጥ የውጭ አገር ሞዴሎች ይገኛሉ፤ ጎማቸው የወለቀ፣ ቀለማቸው የተፋቀ፣ ባለቤታቸው አድጎ የረሳቸው ናቸው። እነዚህ የተሠሩት አብዛኛው ዚንክ ከሆነ ድብልቅ ብረት ነው፤ ብረቱ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ በኀይል ይጨመቃል። በድብልቁ ውስጥ እርሳስ የተባለው ብረት ጥቂት እንኳ ገብቶበት እንደ ሆነ ሞዴሉ ከዓመታት በኋላ ከውስጡ ይሰነጣጠቃል፤ ያብጣል፤ በመጨረሻም እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በተሠሩት ላይ ይህ ችግር ብዙ ጊዜ ይታያል፤ ከጀመረውም በኋላ መድኀኒት የለውም። ጤነኛ የሆነው ግን ይታደሳል። ከሥሩ ያለው ማያያዣ በመሰርሰሪያ ይከፈታል፤ ወለሉ ይወጣል፤ የጐበጠው ዘንግ ይቃናል፤ የጠፋው ጎማ ይተካል። ከዚህ በኋላ ጥያቄው ይመጣል፦ የቀረውን ቀለም ገፎ እንደ አዲስ መቀባት ይሻላል ወይስ እንዳለ መተው?

በዚህ ነገር ሰብሳቢዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን «አውቶሞቢል ከፋብሪካ በወጣበት ቀን መልኩ መታየት አለበት» ይላል። ሁለተኛው ወገን «አንድ ጊዜ የተገፈፈ ቀለም ተመልሶ አይመጣም፤ አዲሱ ቀለም የአንተ እንጂ የእርሱ አይደለም» ይላል። እኔ ለሁለተኛው አደላለሁ። ደንቤም ይህ ነው፦ የጐደለውን እተካለሁ፤ ያለውን አልነካም፤ የተካሁትንም ከእኔ የተሻለ ሰው ወደ ፊት ሊያወጣው በሚችልበት መንገድ አደርገዋለሁ። የጠፋ ጎማ መኪናውን እንዳይቆም ያደርገዋልና ይተካል። የተፋቀ ቀለም ግን አንድ ልጅ መኪናውን በወለል ላይ ስንት ጊዜ እንደ ነዳው ይመሰክራልና ይቀመጣል። ይህን ደንብ አስታውሱልኝ፤ ኋላ ስለ ከተማችን ስናገር እመለስበታለሁ።

አሁን «ይህ ሁሉ ለተማሪ ምን ይጠቅመዋል?» የሚል ይኖራል። በአሜሪካ አገር የጀኔራል ሞተርስ ክፍል የነበረው ፊሸር ቦዲ በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1930 እስከ 1968 ድረስ ለወጣቶች የሞዴል ሥራ ውድድር ያደርግ ነበር። በመጀመሪያው ዘመን የሚሠራው የነገሥታት ሠረገላ ሞዴል ነበር፤ በኋላ ግን ወጣቱ ራሱ ያሰበው አውቶሞቢል ሆነ። ለአሸናፊዎች ይሰጥ የነበረው ትልቁ ሽልማት የኮሌጅ ትምህርት ወጪ ነው። በ1947 ካሸነፉት ወጣቶች አንዱ የሆነው ቻርልስ ጆርዳን ከብዙ ዓመታት በኋላ የዚያው የጀኔራል ሞተርስ የንድፍ ሥራ ምክትል ፕሬዚዳንት ለመሆን በቃ። ውድድሩ አንድ ትልቅ ጕድለት ነበረበት፤ ለወንዶች ብቻ ነበር። ዛሬም በኮምፒዩተር ዘመን የአውቶሞቢል ፋብሪካዎች አዲስ መልክ ሲያወጡ የጭቃ ሞዴል መሥራትን አልተዉም። ዐይን በስክሪን ላይ ያለፈውን ጕብታ እጅ በጭቃው ላይ ያገኘዋልና።

ከዚህ ቀጥሎ ወደ ዋናው ጕዳይ ልግባ። ከመኪና ሁሉ መርጬ ፔጆ 404ን የምሠራው ለምንድን ነው? ይህ አውቶሞቢል በፈረንጆች አቈጣጠር በ1960 ወጣ። መልኩን የነደፈው የኢጣልያው የፒኒንፋሪና ቤት ነው። 1,618 ሲሲ የሆነው ሞተሩ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ 45 ዲግሪ ያህል ወደ ጐን ተጋድሞ ይቀመጣል፤ ኮፋኖውም ዝቅ ያለው ስለዚህ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ የመኪና ውድድር በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አንደኛ ወጥቷል። በፈረንሳይ አገር እስከ 1975 ከተሠራ በኋላ ቀረ፤ በሐረርና በድሬዳዋ ግን ከዚያም ወዲህ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሆኖ አገለገለ። መለዋወጫው በጠፋ ጊዜ መካኒኮቻችን ከሌላ መኪና አምጥተው፣ በሞረድ አስተካክለው፣ ካልሆነም በእጃቸው ሠርተው አቆዩት።

የውጭ አገር ፋብሪካዎች ይህን መኪና አሳንሰው ሠርተውታል፤ የፈረንሳዩ ዲንኪ ቶይስም፣ ኖሬቭም በ1/43 አውጥተውታል። ሥራቸው የሚደነቅ ነው። ነገር ግን እነርሱ የሠሩት የፓሪሱን 404 ነው። ሰማያዊና ነጭ የተቀባውን፣ ከጣሪያው ላይ ጭነት የማይጠፋውን የእኛን 404 ከእኛ በቀር ማን ይሠራዋል?

ባለፈው ዓመት የጨረስሁትን ሞዴል ይዤ ፔጆ ሲነዱ ብዙ ዘመን ወደ ኖሩ አንድ አባት ዘንድ ሄድሁ። እጃቸውን ጠርገው ተቀበሉኝና ወደ ብርሃን አዙረው ተመለከቱት። «ልጄ፣ ልኩ ልክ ነው» አሉኝ፤ «ይህ ግን ባዶውን የቆመ ፔጆ ነው። የእኛ ፔጆ ባዶውን ቆሞ አያውቅም። ደንገጎን ሲወጣ ኋላው መሬት ሊነካ ይደርሳል፤ ፊቱ ሰማይ ያያል።» ከዚያም የኋላ ሞላው ሲደክም ምን እንደሚደረግለት፣ በቍልቍለቱ ላይ ፍሬን እንዳይግል ማርሹ እንዴት እንደሚያዝ፣ የተበላ ብልት በምን እንደሚተካ አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማሩኝ። ይህን በመጽሐፍ አላገኘሁትም። ሞዴሉን ይዤ ባልሄድ ኖሮ ምን ብዬ እጠይቃቸው ነበር? አሁን ሁለተኛውን በመሥራት ላይ ነኝ፤ ጭነት ያለበት ነው፤ ኋላው ከመጀመሪያው 4 ሚሊሜትር ዝቅ ይላል። ይኸውም በእውነተኛው መኪና 8 ሳንቲሜትር ማለት ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ዛሬ በመንገዳችን ላይ የሚበዛው ባጃጅ ነው። በዚህ አላዝንም፤ ሁሉም ነገር ዘመን አለው። ነገር ግን ከመንገድ የወጣ ፔጆ በየግቢው ቆሞ ይከርማል፤ አንድ ቀን ቁራሌው ይመጣል፤ ከዚያ ቆርቆሮው በኪሎ ይሸጣል። መኪናው ሲሄድ መኪናውን የሚያውቁት እጆችም ሥራ ይፈታሉ። የምድር ባቡራችንም ነገር እንደዚሁ ነው። የቀድሞው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር፤ በድሬዳዋ ያለው የባቡር ጥገና ሥራ ቤትም በትውልድ ላይ ትውልድ ባለሙያ አፍርቷል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር ግን ሐዲዱ 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲሜትር ስፋት ስላለው የቀድሞው ሎኮሞቲቭ በላዩ ሊሄድ አይችልም። እነዚህን ሁሉ ለማቆየት ብዙ ገንዘብና የብዙ ሰው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ይህም በእኛ በተማሪዎች እጅ የለም። መለካት ግን በእጃችን ነው። የሚጠይቀው ሜትርና ትዕግሥት ብቻ ነው።

«አገሪቱ ትልልቅ ችግር እያላት አንተ በቆርኪ ትጫወታለህ» ያለኝ ጓደኛ አለ። ነገሩ ክብደት ስላለው በቀልድ አላልፈውም። መልሴ ጥያቄ ነው። በመማሪያ ክፍላችን የምናየው የሞተርና የማርሽ ሥዕል ሁሉ በሌላ አገር ሰው የተለካ ነው። በዚህች ከተማ ከሚሠራው ዕቃ ውስጥ እኛ በእጃችን ለክተን በእጃችን የሣልነው ስንቱ ነው? ዕቃን ለክቶ የማያውቅ ሰው ሲሰበር ሊጠግነው፣ ሲጠፋም ሊሠራው አይችልም። የቆርኪው ጨዋታ ያስተማረኝ ይህንን ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በከተማችን ካሉት ፔጆዎች አንዱን፣ ባለቤቱንና ሾፌሩን አስፈቅደን፣ ከነጭረቱና ከነመጠገኛው እንለካው። ቅድም ስለ ማደስ የነገርኋችሁን ደንብ እዚህ እንጠቀምበት፤ ፋብሪካው እንደ ሠራው አድርገን አንሣለው፤ ድሬዳዋ እንዳደረገችው እንሣለው። አሠራሩ ቀላል ነው። መኪናው ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ ይቆማል፤ ወለሉ በውሃ ልክ ይታያል። ከየማዕዘኑ፣ ከየበሩ ጠርዝ፣ ከየመብራቱ መካከል ቱንቢ ይወርዳል፤ ቱንቢው የነካው ቦታ በጠመኔ ምልክት ይደረግበታል፤ ከፍታውም በደብተር ይጻፋል። ከዚያ መኪናው ይነዳና ይወጣል፤ በወለሉ ላይ የመኪናው ሙሉ ፕላን ተሥሎ ይቀራል። የጣሪያውን ጕብጠት ለስላሳ ሽቦ አጕብጠን በወረቀት ላይ እንገለብጠዋለን። በመጨረሻም ሥዕሉን፣ ከሾፌሮችና ከመካኒኮች የሰማነውንም ጽፈን ለቤተ መጻሕፍታችን እንሰጣለን። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ፣ ቢፈቀድልን፣ ወደ አንድ ሎኮሞቲቭ እንሸጋገራለን።

ይህ ለኢንጂነሪንግ ተማሪ ብቻ የሚሆን ሥራ አይደለም። የታሪክ ተማሪ ሽማግሌዎቹን ይጠይቅልን፤ የቋንቋ ተማሪ መካኒኮቻችን ለእያንዳንዱ ብልት ያወጡትን ስም ይልቀምልን፤ አማርኛውን፣ ኦሮምኛውን፣ ሶማልኛውን፣ ከፈረንሳይኛና ከኢጣልያንኛ የቀረውንም ጭምር። ወንድም ሴትም ይምጣ። መምህራኖቻችንም የወርክሾፑን ቍልፍ እንደማይነፍጉን ተስፋ አለኝ።

ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ስሙን ለማኅበሩ ጸሐፊ ያስመዝግብ። ጠመኔና ገመድ እኔ አቀርባለሁ፤ ቱንቢና ውሃ ልክ ያለው ግን ይዞ ይምጣ።